ገበያው ቀዘቀዘ ወይስ ደንበኛው ሌላ ቦታ ገዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንዱን የጫማ ነጋዴ «ሥራ እንዴት ነው?» ብትሉት «ምን ሥራ አለ፣ ገበያው ቀዝቅዟል» ይላችኋል። ምክንያቱንም በቃሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 58 ብር የማይሞላው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ጫማም አብሮት ወጣ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ «ቀዝቅዟል» የሚለው ቃል ሦስት አራት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ሰው ጭራሽ ወደ ሱቁ መግባት ትቶ ይሆናል። ገብቶ፣ ዋጋ ጠይቆ እየወጣም ይሆናል። ወይም ለክቶ፣ ወዶ፣ ቁጥሩን አጥቶ ሄዷል። የእያንዳንዱ መድኃኒት ለየቅል ሆኖ ሳለ ብዙው ሻጭ ለሁሉም የሚያዝዘው አንዱን ነው፤ ዋጋ መቀነስ።

ስለ ገዢ ጠባይ ሲነሳ ነጋዴ የሚያስበው ስለገዛው ሰው ነው። የገዛው ሰው ግን ያለውን ነገር ወዶ የወሰደ ስለሆነ ስለ ሱቁ ጉድለት ብዙም አይናገርም። ጉድለቱን የሚያውቀው ባዶ እጁን የወጣው ነው፤ እሱን ደግሞ የሚመዘግብ የለም።

ለመመዝገብ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ገጹን በአራት መስመር ክፈሉት፦ የገባ፣ ዋጋ የጠየቀ፣ የለካ፣ የከፈለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጭረት ይበቃል። ዳር ላይ ሰውዬው የወጣበትን ምክንያት ከሦስት ቃል ሳታስበልጡ ጻፉ፦ «39 የለም»፣ «ጥቁር ፈለገች»፣ «1,800 አለች»፣ «እቁብ ሲወጣ»። ይህ መጻፍ ያለበት ሰውዬው ከበሩ ሲወጣ ወዲያው ነው። ማታ ሱቅ ሲዘጋ የሚሞላ ደብተር የሚይዘው ሻጩ ያስታወሰውን ብቻ ነው፤ ሻጭ ደግሞ የሚያስታውሰው ያናደደውን ደንበኛ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሳምንት 200 ሰው ገብቶ፣ 120ው ዋጋ ጠይቆ፣ 50ው ለክቶ፣ 18ቱ ገዙ እንበል። የለኩትና ያልገዙት 32 ሰዎች ናቸው። እነዚህ ዋጋውን ሰምተው፣ የራሳቸውን ጫማ አውልቀው የተቀመጡ ናቸውና የእነሱ ነገር በአብዛኛው ከቁጥር፣ ከምቾት ወይም ከቀለም ጋር የተያያዘ ነው። ዋጋ ብትቀንሱላቸው የጠበበ ጫማ አይሰፋም። ዋጋ ሰምተው ሳይለኩ የሄዱት 70ዎቹ ግን የዋጋ፣ ወይም ዋጋው የተነገረበት አኳኋን ጉዳይ ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ዞረው የወጡት 80ዎቹ ደግሞ የሚፈልጉትን መደርደሪያው ላይ አላዩም፤ ወይም ገና ከመግባታቸው «ምን ልስጥህ?» ተብለው ተሸማቅቀዋል። ሦስቱም ቡድኖች ሻጩ ዓይን ላይ ያው «ያልገዛ ሰው» ናቸው።

የቁጥርን ነገር ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ ገንዘብ በዝምታ የሚፈስበት ቀዳዳ ነውና። የሴቶች ጫማ ካርቶን ከ36 እስከ 41 ተደባልቆ ሲመጣ ቀድመው የሚያልቁት መሐል ያሉት 38 እና 39 ናቸው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ለማሳያ የተደረገው አንድ እግር ስለሆነ ግን ሱቁ አሁንም ሙሉ ይመስላል። ባለቤቱ «20 ዓይነት ሞዴል አለኝ» ይላል። 39 ለምታደርግ ሴት ያሉት ግን ምናልባት ስድስት ናቸው፤ እሷም ይህን የምታውቀው አራት ጊዜ «ይሄስ?» ብላ አራት ጊዜ «እሱ 39 አልቋል» ከተባለች በኋላ ነው። አምስተኛውን አትጠይቅም። ስለዚህ ማሳያው ሥር ያሉትን ቁጥሮች ጽፎ መለጠፍ፣ የተበጣጠሱትንም አውጥቶ «36 ብቻ»፣ «41 ብቻ» የሚል ለብቻው መደርደሪያ መሥራት ያዋጣል። 41 የምታደርግ ሴት በየሱቁ «የለም» ሲባሉ ከኖሩት አንዷ ናት፤ ቁጥሯ ተጽፎ ስታይ ዋጋ ላይ ብዙም አትከራከርም። የሚቀጥለው ካርቶን ሲታዘዝም አከፋፋዩን መሐለኛውን ቁጥር እንዲያበዛ መጠየቅ ይቻላል፤ ደብተሩ ላይ «39 የለም» የሚለው 11 ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ ለክርክሩ ማስረጃ አላችሁ።

በገዢው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዋጋ

ዋጋ ሰምተው ሳይለኩ ወደ ሄዱት 70ዎቹ እንመለስ። ሰው ዋጋን ብቻውን አይመዝንም፤ ከሚያስታውሰው ጋር ያስተያያል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው ትርፍና ጉዳቱን የሚለካው ከአንድ መነሻ ተነስቶ እንደሆነ፣ ጉዳቱም እኩል ከሆነው ትርፍ ይልቅ እንደሚከብደው አሳይተዋል። የጫማ ገዢ መነሻ የመጨረሻው የገዛበት ቀን ነው። ሽንኩርትና ዳቦ በየቀኑ ስለሚገዙ ትዝታውም በየቀኑ ይታደሳል፤ ሰው አጉረምርሞ ይለምደዋል። ጫማ ግን በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ነው። በ1,100 ብር የገዛውን ዓይነት «2,400» ሲባል የሚሰማው የ1,300 ብር ዝርፊያ ነው። ድንጋጤው የሚበረታው እንግዲህ አልፎ አልፎ በሚገዙ ነገሮች ላይ ነው፤ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ ቦርሳ፣ ጫማ።

ለዚህ ድንጋጤ ሻጩ የሚሰጠው መልስ ያው የተለመደው «ዶላር እኮ ጨምሯል» ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን የገዢው ደሞዝ በዶላር አልጨመረም፣ ስለዚህ ንግግሩ ቁስሉን ይነካካል እንጂ መነሻውን አይለውጥለትም። የሚለውጠው እጁ ላይ የሚያርፍ ሌላ ጫማ ነው። የ1,700፣ የ2,400 እና የ3,200 ብሩን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ልዩነቱን በእጅ አሳዩ፤ አንዱን ከጣቱ በኩል እጠፉት፣ «ይሄ ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ነው፣ ያኛው ግን በማስቲሽ ብቻ ነው የተያዘው፣ ክረምት ላይ ይላቀቃል» በሉ። ገዢው አሁን 2,400ውን የሚያስተያየው ከአምናው 1,100 ጋር መሆኑ ቀርቶ ፊቱ ካለው 1,700 ጋር ይሆናል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ዘዴ ሰምቶ መሐለኛው ርካሽ እንዲመስል ብቻ ያንኑ ጫማ በ3,500 ዋጋ ለጥፎ ይሰቅላል። ገዢ ደግሞ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ማየት ይችላል፤ አንዴ ከነቃ የሱቁ ዋጋ ሁሉ ውሸት ይሆንበታል።

የተጨማሪ እሴት ታክስም እዚሁ ጋ ይገባል። ሱቁ ለታክሱ የተመዘገበ ሆኖ ዋጋው 2,400 ተብሎ ሊከፈል ሲል «ከነቫቱ 2,760 ነው» ማለት 15 በመቶውን ከመጨመር የባሰ ጥፋት ነው። ገዢው 2,400 ለመክፈል ወስኗል፤ 360 ብሩ ከውሳኔው በኋላ የመጣ ቅጣት ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ግን…» የሚለው ደግሞ ከሕጉ መጣሱ ሌላ፣ ዋጋው ሁለት እንደሆነ በገዛ አፍ መመስከር ነው። የሚለጠፈው ዋጋ ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው የመጨረሻው ቁጥር ይሁን።

ቁርጡን ንገረኝ

ድርድርን ብዙ የሽያጭ አሠልጣኝ እንደ ኋላቀር ልማድ ያየዋል። እኔ አልስማማም፤ ድርድር ገዢው «እንዳልታለል» የሚለውን ፍርሃቱን የሚያስታግስበት መንገድ ነው። የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

«ስንት ነው?»
«2,400።»
«ቁርጡን ንገረኝ።»
«ለአንቺ ስል 1,700፣ እህቴ።»

ሻጩ ደግ የሆነ መስሎታል። እሷ የሰማችው ግን 700 ብሩ ከመጀመሪያውም ውሸት እንደነበር ነው። 700 በአንድ ቃል ከወረደ ሌላ 500 የማይወርድበት ምክንያት የለም፤ «1,200» ትላለች፣ ሻጩም «ሰው አይገዛም፣ ያሾፋል» ብሎ ይበሳጫል። ቅናሽ ሲሰጥ እያነሰ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ 100፣ ቀጥሎ 50፣ ከዚያ ምርቃት። ያ እያነሰ መሄዱ ራሱ «ወደ ታችኛው ጫፍ ደርሰናል» ብሎ ይናገራል። ምርቃቱ ካልሲ ወይም የጫማ ቀለም ሊሆን ይችላል። በጅምላ የተገዛ ካልሲ ሻጩን የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ገዢዋ የምታስበው ግን በችርቻሮ ዋጋው ነው። 100 ብር ከመቀነስ ይልቅ ካልሲ መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው።

«ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» የምትለዋ ደንበኛ በሩ ላይ ስትደርስ «ነይ እሺ፣ በ1,500 ውሰጂው!» ብሎ መጮህ የተለመደ ነው። በዚያች ቅጽበት ሱቁ ውስጥ የቀሩት ሌሎች ሦስት ሰዎች ቅናሽ የሚገኘው በሩ ላይ እንደሆነ ተማሩ። አስቀድማ በ2,300 የከፈለችው ካለች ደግሞ ሱቁ ጠላት አፈራ። ይልቅ የጫማውን ቁጥርና ዋጋውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት፣ «እስከ 11 ሰዓት ለሌላ ሰው አላወጣትም» ማለት ይሻላል። ወረቀቷን የያዘች ሴት ሌላ ሱቅ ስትገባ የምታስተያየው ከእናንተ ጋር ነው። አልተመለሰችም? ደብተሩ ላይ ጻፉት። በሳምንት ከአሥሩ አንድም ካልተመለሰ ጎረቤታችሁ በእርግጥ ከእናንተ በታች እየሸጠ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ስለ ዋጋ ማውራት ተገቢ ነው።

ዋጋ ከመነካቱ በፊት ግን ይህን ስሌት መሥራት ይገባል። በ750 የመጣ ዕቃ በ1,000 ሲሸጥ ትርፉ 250 ነው። 10 በመቶ ቅናሽ ሲደረግ መሸጫው 900፣ ትርፉ 150 ይሆናል። ቀድሞ ከ30 ዕቃ ይገኝ የነበረውን 7,500 ብር ትርፍ ለማግኘት አሁን 50 መሸጥ ያስፈልጋል። 10 በመቶ የቀነሰ ሰው ሽያጩን በ67 በመቶ ማሳደግ ነበረበት። «ቅናሽ አድርጌ ሕዝቡ ጎረፈ» የሚለው ነጋዴ 40 ሸጦ ደስ ብሎት ሊያድር ይችላል፤ ትርፉ በ1,500 ብር ማነሱን የሚያውቀው ኪራይ ሲከፍል ነው።

ገንዘቡ መቼ ነው ኪስ ውስጥ ያለው?

የመንግሥት ሠራተኛና ብዙው የግል ድርጅት ሠራተኛ ደሞዝ የሚቀበለው በኢትዮጵያ ወር ነው። ለጳጉሜን ደሞዝ የለም። የነሐሴን ደሞዝ ነሐሴ 30 የተቀበለ ሰው የመስከረሙን እስኪያገኝ 35 ቀን መኖር አለበት፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣ ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም.፣ 36። በዚያች ረጅም ወር ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ በግ ወይም ዶሮ፣ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ተሰልፈዋል። የልጅ ጫማ የሚገዛው ከነሐሴ 25 ገደማ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። ወደ ጉራጌ የሚጓዘው ሰው ደግሞ እስከ መስቀል ዋዜማ መርካቶን ያጨናንቃታል። ከዚያ መስከረም 20 ላይ ሱቁ ጭር ይላል። ይህን ጭርታ አይቶ ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ ገንዘብ ለሌለው ሰው ነው ቅናሽ የሚሰጠው፤ ሰውዬው በ2,000ም በ1,500ም አይገዛም። ያንን ሳምንት ለቆጠራና ለጽዳት አውሎ ጥቅምትን መጠበቅ ይሻላል።

የሠርግ ጫማም የራሱ ሰዓት አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለምና ጥያቄው ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ይጠብና ከፋሲካ በኋላ ዳግም ይከፈታል። ባለ ተረከዙን የሴት ጫማ በጾሙ እኩሌታ ያስመጣ ሰው ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ አስሮ ተቀምጧል ማለት ነው። ደብተሩ ላይ «እቁብ ሲወጣ» የሚል ምክንያት ከበዛ ደግሞ ቀብድ ተቀበሉ፤ ሲሶውን አስከፍሎ፣ ዕቃውን ስሙ ጽፎ ማስቀመጥ፣ የማብቂያ ቀኑንና ካልመጣ ቀብዱ ምን እንደሚሆን እዚያው ደረሰኙ ላይ መጻፍ። ቀኑ ያልተጻፈ ቀብድ የጠብ ዘር ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚሸጠውም ሥራው ያው ነው፤ እንዲያውም ይቀላል፣ ሳይገዛ የሄደው ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ትቶ ይሄዳልና። ያለፉትን 100 መልእክቶች ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። «ስንት ነው?»፣ «ቦታው የት ነው?»፣ «ቁጥር 40 አለ?»፣ «ታደርሳላችሁ?» የሚሉት አብዛኛውን ይይዛሉ። መልሳቸው ፎቶው ሥር ቢጻፍ ግማሹ መልእክት ባላስፈለገ ነበር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ጎረቤት እንዳያይ ተብሎ የመጣ ነው፤ ጎረቤት በሌላ ስልክ ጠይቆ ያውቀዋል፣ የማይጠይቀው ዓይን አፋሩ ገዢ ነው። የክፍያ ጊዜም ጥርጣሬ የሚነግሥበት ነው። ሐሰተኛ የክፍያ ስክሪንሾት ስለበዛ ሻጩ ገንዘቡ በራሱ ስልክ መግባቱን እስኪያይ ዕቃ አለመስጠቱ ልክ ነው፤ ግን ደንበኛውን አቁሞ ፊቱን ማየት ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። «የቴሌብር መልእክት እስኪገባ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፣ እስከዚያ ጫማውን ልጠቅልልልዎት» ቢባል ያው ጥንቃቄ ያለ ስድብ ይፈጸማል።

በየሥልጠና አዳራሹ የሚደጋገም አንድ የማርማላታ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር ባሳተሙት ጥናት 24 ዓይነት ማርማላታ ከቀረበላቸው ቀማሾች የገዙት 3 በመቶ፣ 6 ዓይነት ከቀረበላቸው ግን 30 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ተነስቶ «ምርጫ አሳንሱ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በርካታ ተመሳሳይ ሙከራዎች ተሰባስበው ሲታዩ አማካይ ውጤቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ካሊፎርኒያ መደብር ውጤት ፒያሳ ላይ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በመሞከር ነው፦ ሁለት ሳምንት በሙሉው መደርደሪያ፣ ሁለት ሳምንት ግማሹን አንስቶ፣ በዓልና ደሞዝ የማይለያያቸውን ሳምንታት መርጦ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። መደርደሪያውንም ዋጋውንም ሻጩንም ባንድ ሳምንት የለወጠ ሰው ሽያጩ ቢያድግም ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

በደብተሩ ላይ ጭራሽ የማይጻፍ አንድ ደንበኛ ይቀራል፤ ወደ ሱቁ የማይገባው። የሰፈር ሱቅ ላይ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዱቤ ባለዕዳ ነው። 600 ብር ያለበት ሰው ደሞዝ ሲቀበል እዳውን መክፈል ቢከብደው ያቺን ጥሬ ብር ይዞ ሁለት ሱቅ አልፎ ይገዛል፤ በሩ ፊት ለፊት እንዳይታይም መንገድ ይቀይራል። ባለሱቁ 600 ብር ብቻ የቀረበት ይመስለዋል እንጂ የወሩን የዘይት፣ የስኳርና የሳሙና ግዢ አጥቷል። ዱቤ በርኅራኄ ሳይሆን በደሞዝ መለካት አለበት፤ ጣሪያው ሰውዬው በአንድ ደሞዝ ሳይሳቀቅ ሊከፍለው የሚችለው መጠን ይሁን። ካለፈ በኋላ ደግሞ «መቶ መቶ እያደረግህ ክፈል፣ የዛሬውን በጥሬ ግዛ» ብሎ መንገዱን መክፈት ያለበት ባለሱቁ ነው፤ ባለዕዳው አፍሮ አይጠይቅም።